በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ዐቅምን ያገናዘበ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር አመራረጥ

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከተሞች በቤት ኮምፒውተር ቪዲዮ የሚያርሙና የሚያቀናብሩ ሰዎች ሶፍትዌር ሲመርጡ ሊያመዛዝኗቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል። ዋና ሐሳቡ የሶፍትዌር ዋጋ በመሸጫ ዋጋው ብቻ አይለካም የሚል ነው። ሶፍትዌሩ የሚጠይቀው ኮምፒውተር፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ገንዘብ፣ የመብራት መቋረጥን የመቋቋም ዐቅሙ፣ የኢትዮጵያን ፊደል አያያዙና ሥራው ከዓመታት በኋላ ዳግም መከፈት መቻሉ አብረው መሰላት አለባቸው። በዚህ ስሌት መሠረት መጣጥፉ ምርጫው ከሶፍትዌሩ ዝና ሳይሆን ተጠቃሚው በእጁ ካለው ኮምፒውተርና ከቀረጻው ዓይነት እንዲጀምር ሐሳብ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ነጻ ሶፍትዌር፣ የቤት ኮምፒውተር፣ ፕሮክሲ፣ ዩኒኮድ

1. መግቢያ

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከዋና ከተማዋ ጋር በሥራ፣ በትምህርትና በገበያ የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ በአዲስ አበባ የሚታየው የቪዲዮ ሥራ ልማድ በእነርሱም ዘንድ የተለመደ ነው። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱና ሙት ዓመቱ ይቀረጻል። መዝሙሩ፣ አጭር ድራማውና የንግድ ማስታወቂያውም ተቀርጾ በስልክና በዩቲዩብ ይሰራጫል።

ይህ ሁሉ ቀረጻ ለተመልካች ከመድረሱ በፊት መቆረጥ፣ መቀጣጠል፣ ድምፁ መስተካከልና ጽሑፍ መጨመር አለበት። በ1990ዎቹ በቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ወደ ሲኒማ ቤቶች ሲገቡ፣ የፊልም ኤዲቲንግም ልዩ መሣሪያ ካለው ክፍል ወጥቶ ወደ ተራ ኮምፒውተር መሸጋገር ጀምሯል። ዛሬ ያው ሥራ በሳሎን ጥግ በተቀመጠ ያገለገለ ኮምፒውተር ሊከናወን ይችላል። የሥራው ቦታ ቤት መሆኑ ግን ኃላፊነቱን አያቀለውም። በልጁ ሠርግ ላይ ቆሞ የመረቀ አባት ለሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀረጻው ለቤተሰቡ የቀረ ድምፁ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቀረጻ ቢጠፋ ዳግም አይቀረጽም። ስለዚህ የሶፍትዌር ምርጫ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአደራ ጉዳይም ነው።

ይህ ጽሑፍ በመስክ መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት አይደለም። የሶፍትዌሮቹን በይፋ የታወቁ ባሕርያት፣ የቪዲዮ ፋይልን አሠራርና የአካባቢውን የኑሮ ሁኔታ አገናዝቦ የቀረበ ገላጭ መጣጥፍ ነው። «የቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚ» ሲባልም በግል ኮምፒውተሩ ለቤተሰቡ፣ ለማኅበሩ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ለደንበኛ ቪዲዮ የሚያዘጋጅን ሰው ያመለክታል።

2. «ርካሽ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች በአከፋፈል ረገድ በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ ዋነኛ ምሳሌያቸው ነው። ሁለተኛዎቹ አንድ ጊዜ ተከፍሎባቸው የሚያዙ ሲሆኑ፣ 295 ዶላር የሚሸጠው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮና በአፕል ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራው ፋይናል ከት ፕሮ ይጠቀሳሉ። ሦስተኛዎቹ መሠረታዊ ክፍላቸው ያለ ክፍያ ተሰጥቶ የተወሰኑ መገልገያዎቻቸው ለከፋይ ብቻ የሚከፈቱ ናቸው፤ ካፕከት፣ ክሊፕቻምፕና ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በዚህ ይመደባሉ። አራተኛዎቹ የምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆነ፣ ያለ ገደብ የሚጫኑና የሚባዙ ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ኬደንላይቭ፣ ሾትከትና ኦፕንሾት በዚህ ይገኛሉ።

በየወሩ የሚከፈለው ሶፍትዌር በመጀመሪያ እይታ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ክፍያው የሚታሰበው በዶላር ነው። ለአንድ ፕሮግራም በወር 23 ዶላር የሚከፍል ተጠቃሚ በዓመት 276 ዶላር ያወጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ ወጪ 15,732 ብር ነበር። በዚያ ዕለት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ100 ብር ሲሰላ ያው ወጪ 27,600 ብር፣ በ150 ብር ሲሰላ ደግሞ 41,400 ብር ይሆናል። ሶፍትዌሩ አልተለወጠም፤ ተጠቃሚው በብር የሚያገኘው ገቢም በዚያው ልክ አላደገም። በተጨማሪም ክፍያው በውጭ ገንዘብ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል። ክፍያው የተቋረጠ ዕለት ፕሮግራሙም ሥራ ስለሚያቆም፣ ግማሽ ላይ የደረሰ የደንበኛ ሥራ እዚያው ሊቀር ይችላል።

ብዙዎች ከዚህ ችግር ለማምለጥ የሚሄዱበት መንገድ በተለምዶ «ክራክ» የሚባለው የተሰበረ ቅጂ ነው። ይህ ቅጂ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ ዋጋው ዜሮ ይመስላል። ሆኖም ሦስት ዕዳዎች አሉበት። አንደኛው የሕግ ነው፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ሁለተኛው የደኅንነት ነው። የተሰበረ ቅጂ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋ ይጠየቃል፤ ፋይሎችን ቆልፈው ቤዛ ከሚጠይቁ ጎጂ ፕሮግራሞች መካከል «ስቶፕ» ወይም «ጁቩ» የሚባለው ቤተሰብ በዋናነት የተሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው። በተቆለፈ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ የሠርግ ቀረጻ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ሦስተኛው ዕዳ የእርማት እጦት ነው፤ ዋናው አምራች የሚያወጣቸው ማስተካከያዎች ወደ ተሰበረው ቅጂ አይደርሱም። እነዚህ ዕዳዎች ሲታሰቡ ዜሮ የመሰለው ዋጋ ከሁሉ የከበደ ሆኖ ይገኛል።

3. ኮምፒውተሩና የቀረጻው ፋይል

አንድ ቪዲዮ ሲታይ ያለ ችግር እየሄደ፣ ኤዲት ሲደረግ ግን የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ ለምርጫው ቁልፍ ነው።

1920 በ1080 ነጥቦች ያለው ያልታመቀ ምስል በተለመደው የቀለም አያያዝ 3.1 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በሰከንድ 25 ምስሎች ሲሆኑ 78 ሜጋባይት፣ በደቂቃ ደግሞ ወደ 4.7 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህን ያህል ፋይል መያዝ ስለማይቻል ካሜራዎችና ስልኮች ምስሉን ያምቁታል። በሰከንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ያንኑ አንድ ደቂቃ በ180 ሜጋባይት ያስቀምጠዋል።

እምቅታው የሚገኘው እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ ባለመመዝገብ ነው። ኤች.264 በተባለው የእምቅታ ስልት ሙሉ ሆነው የሚመዘገቡት በየተወሰነ ርቀት የሚገኙ ቁልፍ ምስሎች ናቸው። በመካከላቸው ያሉት ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ለውጥ ብቻ ይይዛሉ። ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ ኮምፒውተሩ ለውጡን በተራ እየደመረ ይሄዳል። ኤዲተሩ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘላል፤ አንድን ምስል ለማየት በፈለገ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ቀደመው ቁልፍ ምስል ተመልሶ እስከሚፈለገው ድረስ ሁሉንም ማስላት ይኖርበታል። ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ሲኖር ስሌቱ እጥፍ ይሆናል። መንቀራፈፉ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሶፍትዌር መለወጥ ብቻውንም አያድነውም።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ከ2ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉ አብዛኞቹ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ኤች.264ን የሚፈታ የራሳቸው ክፍል አላቸው። አዳዲስ ስልኮች የሚጠቀሙበትን ኤች.265 ለመፍታት ግን ቢያንስ 6ኛው ትውልድ፣ ባለ 10 ቢት ለሆነው ደግሞ 7ኛው ያስፈልጋል። አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው የስልኩን የቀረጻ ምርጫ ወደ ኤች.264 ቢመልስ ያለ አንዳች ወጪ ሥራውን ያቀላል።

ሁለተኛው መፍትሔ ፕሮክሲ ይባላል። ፕሮክሲ ማለት ሶፍትዌሩ ከዋናው ቀረጻ የሚያዘጋጀው አነስተኛ የሥራ ቅጂ ነው። 960 በ540 የሆነ ፕሮክሲ ከባለ 1920 በ1080 ቀረጻ አንድ አራተኛውን፣ ከአራት ኬ ቀረጻ ደግሞ አንድ ዐሥራ ስድስተኛውን ነጥብ ብቻ ይይዛል። ኤዲተሩ በፕሮክሲው ላይ ይቆርጣል፤ የመጨረሻው ቪዲዮ ሲወጣ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ዋናው ቀረጻ ይመለሳል። ስለዚህ ጥራት አይጎድልም። የሚከፈለው ዋጋ ፕሮክሲው እስኪዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜና በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው፤ ይህም ሌሊት ተኝተው ሳሉ የሚከናወን ነው። ኬደንላይቭ፣ ሾትከትና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሦስቱም ይህ አሠራር አላቸው።

ከስልክ የሚመጣ ቀረጻ ሌላም ጠባይ አለው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹትን የምስል ብዛት እንደ ብርሃኑ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ይህ በታይምላይን ላይ ሲቀመጥ ድምፅና ከንፈር ቀስ በቀስ እንዲለያዩ ያደርጋል። ሾትከትና ኬደንላይቭ እንዲህ ያለውን ፋይል ሲያገኙ ለኤዲቲንግ ወደሚመች ቅርጽ እንዲቀየር ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውን መቀበል ይገባል። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 50 ዑደት ስለሚሠራም፣ በአንዳንድ መብራቶች ሥር በ30 ምስል የተቀረጸ ቪዲዮ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል። ካሜራውም ስልኩም ከመነሻው በ25 ምስል ቢቀርጹ በኋላ የሚመጣው ድካም ይቀንሳል።

4. ያለ ክፍያ የሚገኙት አማራጮች

ቀድሞ ከዊንዶውስ ጋር ይሰጥ የነበረውን ሙቪ ሜከር ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ማቅረብ አቁሟል። በምትኩ እ.ኤ.አ. በ2021 የገዛውን ክሊፕቻምፕን ከዊንዶውስ 11 ጋር ያቀርባል። ለመማር ቀላል ቢሆንም መለያ ከፍቶ መግባትን ይጠይቃል፤ ከበይነ መረብ ጋር ያለው ትስስርም ጠንካራ ነው። ካፕከትም እንዲሁ ለአጫጭር የስልክ ቪዲዮዎች ፈጣንና ማራኪ ነው። ነገር ግን አንዳንድ መገልገያዎቹ ለከፋይ ብቻ የተከለሉ ናቸው፤ የትኛው በነጻ እንደሚቀር የሚወስነውም ኩባንያው ነው። የረጅም ጊዜ ሥራን በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ ማቆም አያስተማምንም።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተለየ ታሪክ አለው። ለፊልም ቀለም ማስተካከያ በውድ ይሸጥ የነበረውን ሥርዓት ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዝቶ፣ በ2011 ነጻ ቅጂ አወጣለት። ነጻው ቅጂ እስከ አራት ኬ ድረስ ቪዲዮ ያወጣል፤ የቀለምና የድምፅ ክፍሎቹም በባለሙያ ደረጃ የሚያሠሩ ናቸው። ክብደቱ ግን በኮምፒውተሩ ላይ ያርፋል። አምራቹ ለዊንዶውስ 16 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙ በእጅጉ የሚደገፈውም በግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። የመጫኛ ፋይሉም በጊጋባይት የሚቆጠር ስለሆነ የኢንተርኔት ጥቅል ያስወጣል። በሊኑክስ ላይ ደግሞ ነጻው ቅጂ ኤች.264ን አያነብም።

ሾትከትና ኬደንላይቭ ሁለቱም ኤምኤልቲ በተባለ አንድ ክፍት የማቀናበሪያ ሞተር ላይ የተገነቡ ናቸው። ኬደንላይቭ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በኬዲኢ ማኅበረሰብ ይለማል። ሾትከት አስቀድሞ በጽሑፍ ባወጣው መስፈርት ለመደበኛ ጥራት 4፣ ለኤችዲ 8፣ ለአራት ኬ ደግሞ 16 ጊጋባይት ራም ይመክራል። የሁለቱም የመጫኛ ፋይል በመቶዎች ሜጋባይት ብቻ የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ሰው ካወረደው ሌሎች በፍላሽ ሊካፈሉት ይችላሉ። ልዩነቱ ይህ መካፈል በፈቃዱ የተፈቀደ መሆኑ ነው። ያለ ልዩ ግራፊክስ ካርድና ያለ በይነ መረብም ይሠራሉ። ደካማ ጎናቸው በቀለም ማስተካከያና በተንቀሳቃሽ ጽሑፍ ረገድ ከሪዞልቭና ከፕሪሚየር ወደ ኋላ መቅረታቸው ነው።

ቪዲዮውን መቁረጥ ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ሎስለስከት አለ። ይህ መሣሪያ ቀረጻውን ዳግም ሳያምቅ በቁልፍ ምስሎቹ ላይ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በደካማ ኮምፒውተርም በጥቂት ጊዜ ይቆረጣል፤ ጥራቱም አይነካም። የመቁረጫው ነጥብ ግን ሁልጊዜ በተፈለገው ምስል ላይ በትክክል አያርፍም።

5. የአካባቢው ሁኔታ የሚጨምራቸው መስፈርቶች

የውጭ አገር ማነጻጸሪያዎች እምብዛም የማያነሷቸው ሦስት ጉዳዮች በእኛ ሁኔታ ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው የመብራት መቋረጥ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ኬደንላይቭ፣ ሾትከትና ሪዞልቭ ሥራን በየጊዜው በራሳቸው የሚያስቀምጡበት አሠራር ስላላቸው፣ ኮምፒውተሩ በድንገት ቢጠፋ የሚጠፋው የጥቂት ደቂቃ ልፋት ነው። ዋናው አደጋ ቪዲዮው ተጠናቆ ሲወጣ ነው። በተለመደው ኤምፒ4 ቅርጽ የፋይሉ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት የፈጀ ሥራ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ቢሄድ፣ የተጻፈው ሁሉ በሃርድ ዲስኩ ላይ እያለ ፋይሉ አልከፈትም ይላል። ኤምኬቪ የተባለው ቅርጽ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ረጅም የሠርግ ቪዲዮን በኤምኬቪ ማውጣት ወይም ሃያ ሃያ ደቂቃ እያደረጉ ከፋፍሎ አውጥቶ በመጨረሻ ያለ ዳግም እምቅታ መቀጣጠል ይመከራል። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕም ለዚህ ሥራ ከዴስክቶፕ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። በእነዚህ ከተሞች የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ርእስ በአማርኛም በኦሮምኛም ሊጻፍ ይችላል። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ሶፍትዌሮቹ አይቸገሩበትም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍና ፊደላቱ እርስ በርስ ስለማይቀጣጠሉ፣ ዩኒኮድን የሚደግፍ ሶፍትዌር ሁሉ በመርህ ደረጃ ሊያሳየው ይችላል። በጽሑፍ ፈንታ ባዶ ሣጥን የሚታየው የተመረጠው ፎንት ፊደላችንን ባለመያዙ ነው። ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሲመረጥ ችግሩ ይወገዳል።

አሳሳቢው በዩኒኮድ ፊት በተሠሩት የቆዩ ፎንቶች መጻፍ ነው። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ «ሠርግ» ለዐይን ሠርግ ቢመስልም ኮምፒውተሩ የመዘገበው የላቲን ምልክቶችን ነው። ያው ሥራ ፎንቱ በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ርእሱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የግርጌ ትርጉም ፋይሎችም በዩቲኤፍ 8 ካልተቀመጡ ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። አንድን ሶፍትዌር ከመምረጥ በፊት እንደ «ኳ»፣ «ቧ» እና «ኟ» ያሉ ፊደላትን፣ አራት ነጥብንና ነጠላ ሰረዝን የያዘ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ መሞከር ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው የማስረከቢያው መንገድ ነው። ደንበኛው ቪዲዮውን በፍላሽ ተቀብሎ በቴሌቪዥን ማየት ይፈልጋል። ብዙ ፍላሾች ፋት32 በተባለ አደረጃጀት ስለሚቀርቡ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበሉም። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የወጣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 3.6 ጊጋባይት ያህል ስለሚሆን ከገደቡ በታች ነው፤ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግን ለሁለት መከፈል አለበት። ለማስረከቢያ ኤች.264 ምስልና ኤኤሲ ድምፅ ያለው ኤምፒ4 በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖችና ስልኮች ስለሚከፈት፣ በኤምኬቪ የወጣውን ዳግም ሳያምቁ ወደዚህ ቅርጽ ማዛወር ይቻላል። ሎስለስከት ይህንንም ይሠራል።

6. ምርጫው በተግባር፦ ሦስት ምሳሌዎች

ከላይ የቀረቡት መስፈርቶች እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት ሦስት ተጠቃሚዎችን በምሳሌነት እናስብ።

የመጀመሪያዋ በሱሉልታ የምትኖር ተማሪ ናት እንበል። ያላት ኮምፒውተር 4 ጊጋባይት ራም አለው፤ የምትሠራው በስልክ የተቀረጸ የክፍል አቀራረብና የቤተሰብ ዝግጅት ነው። ለእርሷ ሎስለስከት ለመቁረጥ፣ ሾትከት ከነፕሮክሲው ርእስና ድምፅ ለመጨመር ይበቃታል። የቀረጻውን መጠን ከአራት ኬ ወደ 1080 ዝቅ ማድረግ ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ይጠቅማታል።

ሁለተኛው በቡራዩ ሠርግና ክርስትና በክፍያ የሚያቀናብር ወጣት ነው። 6ኛው ትውልድ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ልዩ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ሁለት ካሜራ ስለሚጠቀም ኬደንላይቭ በፕሮክሲ ይስማማዋል። ገንዘብ ሲያገኝም ለሶፍትዌር ከማውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቢገዛ ይመረጣል፤ የደንበኛ ቀረጻ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትምና።

ሦስተኛዋ በሰበታ ሆና በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ለመቀጠር የምትዘጋጅ ናት። 16 ጊጋባይት ራምና ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ አላት። ለእርሷ ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ተመራጭ ነው፤ ምክንያቱም የቀለምና የድምፅ ሙያን ያለ ክፍያ ታዳብርበታለች።

በሦስቱም ምሳሌዎች የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚል አልነበረም። በቅድሚያ የተጠየቀው ኮምፒውተሩ ምን ዐቅም አለው፣ ቀረጻው ከየት ይመጣል፣ ውጤቱ በምን ይታያል የሚል ነው።

7. ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ለዚህ ሐሳብ ጠንካራው ተቃውሞ ከሥራ ገበያው ይመጣል። ስቱዲዮው ፕሪሚየር የሚጠቀም ከሆነ ኬደንላይቭ የለመደ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ተቃውሞው መሠረት አለው። የፕሪሚየር ፕሮጀክት በሌላ ሶፍትዌር እንዳለ አይከፈትም፤ በአዲሱ እትም የተቀመጠውም በቀደመው እትም አይከፈትም። በቡድን የሚሠራ ሰው ቡድኑ የሚጠቀምበትን መያዙ ግድ ነው፤ የፈቃዱ ክፍያ ግን የስቱዲዮው ወጪ ሊሆን ይገባል። የሙያው እምብርት፣ ማለትም የት መቁረጥ፣ ምን ማስቀደም፣ ድምፅን እንዴት ማመጣጠን እንደሚገባ ማወቅ፣ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው አብሮ ይሄዳል። የአቋራጭ ቁልፎች ልዩነት በሳምንታት ልምምድ ይካካሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ነጻ ሶፍትዌር ነገ ሊቆም ይችላል የሚል ነው። ይህ ለማንኛውም ሶፍትዌር የሚሠራ ሥጋት ነው፤ ሙቪ ሜከርም ቆሟል። ልዩነቱ ከቆመ በኋላ በሚተርፈው ላይ ነው። የኬደንላይቭና የሾትከት የፕሮጀክት ፋይል በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ሊከፈት የሚችል ነው፤ የተቀመጠ የመጫኛ ቅጂም የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ዳግም ይጫናል። ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፕሮጀክት ፋይል በውስጡ ቀረጻውን አይዝም፤ ቀረጻው የሚገኝበትን አድራሻ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ቀረጻው፣ ሙዚቃው፣ ፎንቱና የፕሮጀክት ፋይሉ በአንድ አቃፊ ተሰብስበው በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

8. መደምደሚያ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላለ የቤት ኮምፒውተር ተጠቃሚ በዶላር የሚታሰብ ወርኃዊ ክፍያ የማያስተማምን፣ የተሰበረ ቅጂ ደግሞ አደገኛ ምርጫ ነው። በአብዛኛው 8 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ራም ላለው ሰው ሾትከት ወይም ኬደንላይቭ ከፕሮክሲ ጋር፣ 16 ጊጋባይትና ግራፊክስ ካርድ ላለው ደግሞ ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ዐቅምን ያገናዘቡ አማራጮች ናቸው። ከሶፍትዌሩ የሚተርፈው ገንዘብ ለራም፣ ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክና ለባትሪ ቢውል ጥቅሙ የበለጠ ነው።

ጉዳዩ ለተጨማሪ ምርምርም ክፍት ነው። በከተሞቹ ያሉ አቀናባሪዎች የሚጠቀሙባቸውን ኮምፒውተሮችና ሶፍትዌሮች በመስክ መመዝገብ፣ በተመሳሳይ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ የሶፍትዌሮቹን ፍጥነት መለካትና የኢትዮጵያን ፊደል አያያዛቸውን በሥርዓት መፈተሽ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚመጥኑ ርእሶች ናቸው። የነጻ ሶፍትዌሮቹን መመሪያ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ መተርጎምም ከምርምር ጎን ለጎን ሊሠራ የሚችል አገልግሎት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የዛሬ ሦስትና አራት ዓመት የተሠራ አንድ ሥራ አውጥቶ እስካሁን ይከፈት እንደሆነ መሞከር ነው። ካልተከፈተ፣ የተመረጠው ሶፍትዌር ዋጋ ገና ተከፍሎ አላለቀም ማለት ነው።